ሚሊኒየም ፋልከንን በየትኛው መልኩ? የፊልም የጠፈር መርከብ ቅጂ ለሚገዙ የተዘጋጀ ንጽጽር

የስታር ዋርሷን ሚሊኒየም ፋልከን ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው ምርጫ አያጣም። የፕላስቲክ ኪት፣ ማለትም ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው የሞዴል ክፍሎች ስብስብ አለ። ሌጎ አለ። ክፍል በክፍል በየጊዜው እየመጣ የሚገጣጠም አለ። ተሠርቶ፣ ተቀብቶ፣ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት የሚመጣ አለ። አንድ ባለሙያ ጋራዡ ውስጥ ከረዚን (ፈሶ ከሚደርቅ ፕላስቲክ መሰል ነገር) እያወጣ የሚሸጠውም አለ። ሁሉም ፋልከን ናቸው። ዋጋቸው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙ እጥፍ ይዘላል። ሁሉም አምራች ማለት ይቻላል እጁን ስለሞከረባት ለንጽጽሩ እሷኑ መለኪያ አድርጌአታለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዋጋ በፊት ለራሳችሁ የምትመልሱት አንድ ጥያቄ አለ። የምትፈልጉት በታሪኩ ውስጥ የምትበረውን መርከብ ነው? ወይስ ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራ ፊት የቆመውን ሞዴል?

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ቆንጆ፣ ንጹህ፣ መብራቷ የሚበራ መርከብ ካገኙ ይበቃቸዋል። ሁለተኛዎቹ ግን የሚያሳድዱት ሌላ ነገር ነው። በ1970ዎቹ ባለሙያዎች ከታንክ፣ ከአውሮፕላንና ከውድድር መኪና ኪቶች ላይ ቁርጥራጭ እየነቀሉ የለጠፉበትን ያንኑ ዕቃ ይፈልጋሉ። እያንዳንዷ ቁራጭ ከየትኛው ኪት እንደመጣች ያውቃሉ። አንዲት ቁራጭ ለማግኘት ብለው ከገበያ የጠፋ አሮጌ የታንክ ኪት በውድ የሚገዙ አሉ። እብደት ነው ብትሉ አልከራከርም።

ለእነዚህ ሰዎች ቁልፉ ቃል «ስቱዲዮ ስኬል» ነው። ቅጂው ለቀረጻ ከዋለው ሞዴል ጋር እኩል መጠን አለው ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሸወዳል፤ ምክንያቱም ፋልከን አንድ ብቻ አይደለችም። ለ1977ቱ ፊልም የተሠራችው ዋና ሞዴል ርዝመቷ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። ከባድ ስለነበረች ለ1980ው ፊልም 81 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነች ታናሽ እህት ተሠራችላት። የመጀመሪያዋ መጀመሪያ ላይ የማረፊያ እግሯ ሦስት ነበር፤ የሁለተኛዋ አምስት ነው። ስለዚህ ሻጭ «ልክ እንደ ፊልሙ ነው» ሲላችሁ የትኛው ፊልም ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ገልብጣችሁ እግሮቹን ቁጠሩ።

ባንዳይ፦ ትንሿ ግን ሹሏ

የጃፓኑ አምራች ባንዳይ በ2017 ያወጣው «ፐርፌክት ግሬድ» የተባለው ፋልከን ስኬሉ 1 ለ72 ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ካለችው መርከብ 72 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ርዝመቱ 48 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የ1977ቱን መልክ ይከተላል። ክፍሎቹ በቀለማቸው ተቀርጸው ስለሚመጡና ያለ ማስቲሽ ተጫን ሲሏቸው ስለሚገጥሙ፣ ሞዴል ሠርቶ የማያውቅ ሰውም ይጨርሰዋል።

ይህን ኪት ከሌሎቹ የሚለየው ሲጠጉት ነው። የመርከቧን የጎን ጠርዝ ተመልከቱ። ቧንቧዎቹ፣ ሳጥኖቹ፣ ጥርሳጥርሶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ተለይተው ይታያሉ። የአንዳንዱ ውፍረት ከክብሪት እንጨት ያንሳል። ከእሱ የሚበልጡ ብዙ ቅጂዎች ይህን ቦታ አድበስብሰው ያልፉታል። ትልቅነትና ትክክለኛነት አብረው የሚሄዱ የሚመስለው ሰው ይህን ጠርዝ አይቶ ሐሳቡን ይቀይራል።

ጉዳቱስ? እንዳለ ገጣጥማችሁ ካስቀመጣችሁት ፕላስቲክነቱ ያስታውቃል። ፋልከን ደግሞ ጭቅቅቷ ነው ውበቷ። ቀጠን ያለ ጥቁር ቡናማ ቀለም በስንጥቆቹ ውስጥ አፍስሶ በጨርቅ መጥረግ ብቻውን ተአምር ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በኢናሜል ቀለም ማቅጠኛ የራሰ፣ ተጫክኖ የገጠመ ፕላስቲክ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መከላከያ ቀለም ቀቡት፣ ወይም በውሃ የሚቀጥን ቀለም ተጠቀሙ። በተጨማሪ መብራት የሌለው እትምም ስላለ ሳጥኑ ላይ ያለውን ሳታነቡ አትግዙ።

ሌጎ፦ ከሩቅ ንግሥት

ቁጥሩ 75192 የሆነው የሌጎ ፋልከን የወጣው በ2017 ነው። 7,541 ቁራጭ አለው። ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 56 ሴንቲሜትር ነው። ስትጨርሱት ክፍሉን ይሞላል። ክቡንም አራት ማዕዘኑንም አንቴና ስለያዘ የድሮውን ወይም የአዲሶቹን ፊልሞች መልክ መምረጥ ትችላላችሁ።

ግን ቅጂ ነው? ከሦስት ሜትር ርቀት አዎ። ጠጋ ስትሉ ሌጎ ነው፤ መሆን የፈለገውም እሱኑ ነው። ከሰው ጋር ተቀምጦ መገጣጠም ለሚወድ ወደር የለውም። ቢወድቅ መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ፣ ቁራጭ ቢጠፋ ለብቻዋ ትገዛለች። ሌሎቹ ላይ ይህ ዕድል የለም። አቧራው ግን ጉድ ነው። በየጉብታው መሃል ይገባና በጨርቅ አይወጣም፤ ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ትዕግሥት ይጠይቃል።

«ሳይከፈት ላስቀምጠውና ዋጋው ሲጨምር ልሽጠው» ለምትሉ የ2007ቱን ፋልከን አስታውሱ። 5,197 ቁራጭ የነበረው ያ ሳጥን ከምርት ከወጣ በኋላ በሁለተኛ እጅ ገበያ ሰማይ ነክቶ ነበር። በ2017 የተሻለው ሲመጣ ግን ብዙ ሰው ወደ አዲሱ ዞረ። አምራቹ ደግሞ አዲሱን የሚያወጣበት ቀን መቼ እንደሆነ ለማንም አያማክርም።

በክፍል በክፍል የሚመጣው

የጣሊያኑ አሳታሚ ዲአጎስቲኒ ያወጣው ፋልከን በየተራ በሚመጡ 100 እትሞች የሚጠናቀቅ ነበር፤ በእያንዳንዱ እትም ጥቂት ክፍሎች ይመጣሉ። የ1980ውን ሞዴል በእኩል መጠን ይከተላል፤ ርዝመቱ 80 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ውስጡ የብረት አፅም ስላለው ይከብዳል። አብዛኛው ሥራ በካቻቢቴ ያልቃል። ወደ ስቱዲዮ ስኬል ለመግባት ከሁሉ የቀለለው መንገድ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሒሳቡን ግን በደንብ ሥሩ። የመጀመሪያው እትም በማይታመን ርካሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ማጥመጃው እሱ ነው። የመደበኛውን እትም ዋጋ በጠቅላላው እትም ብዛት አባዙና የሚወጣውን ቁጥር አይታችሁ ወስኑ። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው እጁ ከገባ በኋላ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህም ይብሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን እንቁላሉ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። የስታር ትሬክ መርከቦችን በብዛት ሲያወጣ የነበረው የእንግሊዙ ኢግልሞስ በ2022 ከሥሮ ሲወድቅ፣ ኢንተርፕራይዝ ዲ የተባለችውን የስታር ትሬክ መርከብ በየወሩ እየገጣጠሙ የነበሩ ደንበኞች ግማሽ መርከብ ታቅፈው ቀሩ። እርግጥ ፋንሆም የተባለ ድርጅት በኋላ ሥራውን አንስቶ ቀጠለው። ሌላ ጊዜ ግን ደራሽ ላይገኝ ይችላል። እኔ የምመክረው ሙሉውን ስብስብ ያልተከፈተ ሆኖ በአንድ ጊዜ ከሁለተኛ እጅ መግዛት ነው። ስትገዙ የመጨረሻዎቹን እትሞች ለይታችሁ ቁጠሩ። ሰው ደክሞት የሚያቆመው እዚያ አካባቢ ስለሆነ የሚጎድሉትም እነሱ ናቸው።

አልቆ የሚመጣው

ማስተር ሪፕሊካስና ኢኤፍኤክስ የተባሉት ድርጅቶች በተወሰነ ቁጥር ያመረቷቸው ቅጂዎች ለሰብሳቢዎች ሌላ ዓለም ናቸው። በእጅ የተቀቡ ናቸው። ማቆሚያ አላቸው፣ ተራ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ አላቸው። ከሳጥን አውጥቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። የምትከፍሉትም ለፕላስቲኩ ሳይሆን ለቀቢው እጅ ነው። በአብዛኛው ከአዲስ ሽያጭ ወጥተዋል፤ ከሌላ ሰብሳቢ ነው የምታገኟቸው።

መገጣጠም ለማይወድ፣ ገንዘብም ላለው ሰው ይህ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ሆኖም «ቁጥሩ ውስን ነው» የሚለውን ቃል ከዋናው ዕቃ ጋር አታምታቱት። በ2023 አንድ የኤክስዊንግ (የስታር ዋርስ ተዋጊ መርከብ) የቀረጻ ሞዴል በጨረታ 3.135 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ከ1968ቱ «2001» ፊልም የተረፈችውን ኤሪስ የጨረቃ መንኮራኩር ደግሞ የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ በ2015 በ344,000 ዶላር ገዝቷታል። እነዚያ ካሜራ ፊት የቆሙ ናቸው። ቅጂ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቁጥሩም የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ያንን አይሆንም። ወደዳችሁት? ግዙት። ለትርፍ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ረዚን፦ ሲያዩት ያምር ሲይዙት ያደናግር

በትክክለኛነት ከሁሉም የሚበልጠው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው የሚገኘው። አንድ ባለሙያ ሞዴሉን ራሱ ይሠራል፣ በሲሊኮን ቅርጹን ያወጣል፣ ረዚን እያፈሰሰ በትንሽ ቁጥር ይሸጣል። የሚደርሳችሁ ጥሬ ዕቃ ነው። ክፍሎቹ በሳሙና ካልታጠቡ ቀለም አይይዙም። የአየር አረፋ የተወው ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈናል። የተጣመመ ክፍል በሙቅ ውሃ ይነከራል፤ ሲለሰልስ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ተቃንቶ እስኪቀዘቅዝ በእጅ ይያዛል። የፋልከን ሁለቱ የፊት መንጋጋዎች በተለይ መጣመም ይወዳሉ። አንዱ ትንሽ ካዘቀዘቀ መርከቧ በሙሉ ያኮረፈች ትመስላለች። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ ውሃ እየነከራችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ ይሁን። የረዚን ብናኝ ለሳንባ ጠላት ነው።

አስመስሎ ቀጂም ሞልቷል። የሌላውን ሰው ኪት ገዝቶ፣ ከእሱ ቅርጽ አውጥቶ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ማለት ነው። ሌብነቱን እንኳ ብንተወው ዕቃው ራሱ ይናገራል። ረዚን ሲደርቅ ትንሽ ስለሚሸማቀቅ፣ የቅጂው ቅጂ ክፍሎች ከሌላ ጋር ሲገጠሙ ያንሳሉ፤ ሹል የነበረውም ጠርዝ ይደበዝዛል። ዋጋው በጣም ካነሰና ሻጩ ዋናውን የሠራው ማን እንደሆነ መናገር ካልፈለገ ተዉት።

በሥሪዲ ፕሪንተር የሚወጡትን በአጭሩ ልለፋቸው። ትናንሽ ክፍሎች ላይ አስደናቂ ናቸው። ትልቅ ገላ ላይ ግን የንብርብሩን መስመር ፈትጎ ማጥፋት ሰው ያሰለቻል። ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ ደግሞ በሙቀት ይልማል፤ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ እንዳታስቀምጡት።

ስቱዲዮ ስኬል የማያዋጣበት ጊዜ

ልባችሁ ያለው ወደ ስታር ትሬክ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። የ1960ዎቹ የቴሌቪዥን ኢንተርፕራይዝ የቀረጻ ሞዴል ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። አሁን ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በእኩል መጠን ቤታችሁ ላስገባ ብትሉ መኖሪያችሁን ልትለቁለት ነው። በዚያ ላይ ሞዴሉ ሲቀረጽ የነበረው በቀኝ ጎኑ ነው። የመብራቱ ሽቦ በግራ ስለሚወጣ ያ ጎን በደንብ አልተሠራም። እውነተኛ ቅጂ ይሁንልኝ የሚል ሰው አንድ ጎኑን ባዶ ሊያደርገው ነው! ለዚህች መርከብ ፖላር ላይትስ የተባለው አምራች የ1 ለ350 ኪት ይበቃል። ርዝመቱ 82 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱም ጎኑ የተሟላ ነው። ማስቲሽና ቀለም ስለሚፈልግ ግን እንደ ባንዳይ አይቀልም።

እኔ ብጠየቅ

አንድ ብቻ ግዛ ብባል ባንዳይን ባለ መብራቱን እገዛና የተረፈኝን በጥሩ የአክሪሊክ ሳጥን ላይ አውለዋለሁ። ትልቅ ይሁንልኝ ለሚል ሙሉው የዲአጎስቲኒ ስብስብ ይሻላል። ሌጎን የምመርጠው አብሮኝ የሚገጣጥም ሰው ሲኖር ነው። ረዚን ቢያንስ ሁለት ሦስት የፕላስቲክ ኪት በሥርዓት ላልጨረሰ ሰው አይሆንም። ወይ ደግሞ ኪቱን ገዝታችሁ ለሚሠራ ባለሙያ ክፈሉ። ያን ጊዜ ዋጋው አልቆ ከሚመጣው ጋር መቀራረቡ አይቀርም፤ ወረፋውም ረጅም ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሜትር አውጡ። ተራ የመጽሐፍ መደርደሪያ ጥልቀቱ 30 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ስፋቱ 56 የሆነ ፋልከን በምንም ተአምር አይተኛበትም፤ አጋድሞ የሚያቆም ማቆሚያ ያስፈልገዋል። ቀጥታ ፀሐይ ነጩን ፕላስቲክና ረዚን ቢጫ ያደርጋል። ስለዚህ ከመስኮት ይራቅ።

ከሁለተኛ እጅ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን መብራቱን አብርቶ ቪዲዮ እንዲልክ ጠይቁት። የመብራቱ ትራንስፎርመር ለ110 ቮልት ነው ወይስ ለ220? ይህን ሳያዩ ሰክተው ያቃጠሉ አሉ። ስቲከሮቹን በጎን ብርሃን የሚያሳይ ፎቶም ያስፈልጋችኋል። ከሥራቸው ነጣ ያለ ሽፋን ከታየ በደንብ አልተለጠፉም። በመጨረሻ ዋናውን ሳጥንና ውስጡ ያለውን ስፖንጅ ጠይቁ። ያለ እሱ የተላከ ፋልከን አንቴናው ተሰብሮ ነው የሚደርሰው። ሻጩ «በደንብ እጠቀልለዋለሁ» ካለ፣ ከቻላችሁ ራሳችሁ ሄዳችሁ ውሰዱት።