ለጓሮ ዶሮ የሚሸጠው የፓይፐራዚን ዱቄት፦ ለወስፋት እንጂ ለሁሉም ትል አይደለም

ሽምብጥ አካባቢ በግቢያችን ለምናረባቸው ዶሮዎች የትል መድኃኒት ፈልጌ ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ስጠይቅ የተሰጠኝ 100 ግራም የሚይዝ፣ ነጭ የፓይፐራዚን ሲትሬት ዱቄት ነው። ሻጩ «ለማንኛውም ትል ይሆናል» ብሎኛል። ዱቄቱ ጥሩ መድኃኒት መሆኑን ተጠቅሜበት አረጋግጫለሁ፤ ለማንኛውም ትል ይሆናል መባሉ ግን ልክ አይደለም።

ፓይፐራዚን በደንብ የሚሠራው በትልቁ የዶሮ ወስፋት ላይ ነው። ከነጭ ወደ ቢጫ የሚያደላው ይህ ትል እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። በትንሹ አንጀት ውስጥ ሲበዛ ዶሮዋ እየበላች ትከሳለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፣ እንቁላል መጣልም ትቀንሳለች፤ አልፎ አልፎም አንጀቷ እስከ መዘጋት ይደርሳል። መድኃኒቱ ትሉን ሽባ ያደርገዋል እንጂ ወዲያው አይገድለውም፤ ትሉም አንጀት ውስጥ መቆየት ስለሚያቅተው ከኩስ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። በእኛም ቤት በማግሥቱ ጉዝጓዙ ላይ የታየው ይኸው ነበር። የሴቷ ትል ሆድ በእንቁላል የተሞላ ስለሆነ ያን ቀን የወጣውን ኩስ ሰብስቦ ዶሮ በማይጭርበት ቦታ መቅበር ያስፈልጋል።

በአንጀት ሽፋን ውስጥ የተሸሸጉትን እጮች ግን ፓይፐራዚን አያገኛቸውም። ስለዚህ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ እጮቹ አድገው እንቁላል መጣል ሳይጀምሩ መድገም ግድ ይላል፤ ይህን ሻጩ አልነገረኝም፣ በከረጢቱም ላይ አልተጻፈም። በኩሱ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነጭ ቁርጥራጭ የሚያይ ሰው ደግሞ ችግሩ ጉንዳንና ጥንዚዛ ከመልቀም የሚመጣው የኮሶ ትል ስለሆነ በዚህ ዱቄት ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል። ለእርሱ እንደ አልቤንዳዞል ያለ ብዙ ዓይነት ትል የሚያጠቃ መድኃኒት ይቀርበዋል፤ ሆኖም በገበያ የሚገኘው ባለ 300 ሚሊ ግራም ፍሬ ለበግና ለፍየል የተዘጋጀ ስለሆነ ለዶሮ የሚሆነውን መጠን የእንስሳት ሐኪም ቢወስነው ይመረጣል።

ትልቁ ቅሬታዬ አስተሻሸጉ ላይ ነው። በከረጢቱ ላይ ያለው መመሪያ በሺህ ለሚቆጠሩ ዶሮዎች የሚሆን የውኃ በርሜል አስቦ የተጻፈ ሲሆን፣ ለአሥራ ሁለት ዶሮ ስንት ይበቃል ለሚለው መልስ የለውም። ለአንድ ያደገ ዶሮ የሚሰጠው 100 ሚሊ ግራም ንጹሕ ፓይፐራዚን ነው፤ ዕድሜያቸው ከስድስት ሳምንት በታች ለሆኑ ጫጩቶች የዚህ ግማሽ ይበቃል። ነገር ግን ሲትሬቱ ፓይፐራዚን ከሲትሪክ አሲድ ጋር የተዋሐደበት ውህድ ስለሆነ ንጹሑ ፓይፐራዚን ከዱቄቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በእኔ ከረጢት ላይ 35 በመቶ ይላል። በዚህ ስሌት ለአሥራ ሁለት ዶሮ የሚያስፈልገው ሦስት ግራም ተኩል ያህል ዱቄት ሲሆን፣ ይህን ያህል ጥቂት ነገር የወጥ ቤት ሚዛን በትክክል አይለካውም። እኔ 10 ግራሙን መዝኜ 100 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ ድረስ በንጹሕ ውኃ አሟሟሁትና ለእያንዳንዱ ዶሮ 3 ሚሊ ሊትር ሂሳብ በሲሪንጅ እየለካሁ መጠጥ ውኃቸው ውስጥ ጨመርሁ። ዱቄቱ ያለ ዝቃጭ ይሟሟል፤ ዶሮዎቹም ሳያንገራግሩ ጠጥተውታል። ከረጢቱ ከ300 ለሚበልጡ ዶሮዎች የሚበቃ በመሆኑ ጎረቤት ለጎረቤት ተካፍሎ መግዛት ያዋጣል።

በክረምት ዶሮ ውጭ ከተለቀቀች ከየኩሬው ስለምትጠጣ በመድኃኒት የተበጠበጠውን ውኃ ዞር ብላም አታየው። ስለዚህ ማታ መጠጫውን አንሥቶ፣ ጠዋት ሳይለቀቁ በጥቂት ሰዓት የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ማቅረብ ይገባል። እርጥብና ሞቃት አፈር የወስፋቱን እንቁላል በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ለሌላ ዶሮ እንዲተላለፍ አድርጎ ያደርሰዋል፤ በሐይቁ ዳር ያለው መሬት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም እምብዛም አይደርቅም። ከፎገራ የሚመጣው የሩዝ ገለባ ለጉዝጓዝ ርካሽና ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከረጠበ ወዲያው ካልተቀየረ መድኃኒቱ የሠራውን መልሶ ያፈርሰዋል።

ዶሮዎቹ እስኪታረዱ 14 ቀን መጠበቅ እንዳለበት ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፤ ስለ እንቁላል ግን ምንም አይልም። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ለምግብ የሚሆን እንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎች ስለማይፈቀድ ይህ ዝምታ ቀላል ጉድለት አይደለም። እኛ ቤት የፍልሰታ ጾም ሲገባ መስጠቱን መርጠናል፤ ክረምቱ የሚከብድበት ወቅት ነው፣ ቤቱ በሙሉ ስለሚጾምም በእነዚያ ቀናት የተጣለውን እንቁላል ለይቶ መጣል ማንንም አያጣላም።