የ2017ቱ አይ7 እና የ2023ቱ ራይዘን 7 ጎን ለጎን

ሁለት ላፕቶፖች እያፈራረቅኩ እጠቀማለሁ። አሮጌው በ2017 መጀመሪያ የወጣው ኢንቴል ኮር አይ7-7700ኤችኪው ፕሮሰሰር (የላፕቶፑን ስሌት የሚሠራው ዋና ቺፕ) ያለበት ነው፤ አዲሱ የ2023ቱን ኤኤምዲ ራይዘን 7 7840ኤችኤስ የያዘ። አሮጌውን ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ግን ጌም ባማረው ቁጥር አዲሱን ይነጥቀኛል፣ እኔም አሮጌው ላይ እሠራለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም በደንብ አውቃቸዋለሁ። ሰዎች የሚጠይቁኝ «ፕሮሰሰሬ አርጅቷል፣ ልቀይር ወይ?» ነው። መልሱ በምን እንደምትሠሩበት ይወሰናል፤ ልዩነቱም ብዙ ሰው በሚጠብቀው ቦታ አይደለም ያለው።

በወረቀት ላይ ጨዋታው ገና ሳይጀመር አልቋል። 7700ኤችኪው 4 ኮር (ለየብቻ የሚሠሩ ክፍሎች) እና 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች)፣ ቢበዛ 3.8 ጊጋኸርዝ ፍጥነት፣ 6 ሜጋባይት ካሽ (ቺፑ ውስጥ ያለች ፈጣን ማኅደር) አለው፤ የተሠራውም በ14 ናኖሜትር ነው። 7840ኤችኤስ 8 ኮርና 16 ትሬድ፣ እስከ 5.1 ጊጋኸርዝ፣ 16 ሜጋባይት ካሽ፣ በ4 ናኖሜትር። ጊጋኸርዙ ብቻም አይደለም፤ አዲሱ በአንድ ጊጋኸርዝ የሚጨርሰው ሥራ ራሱ ከአሮጌው ይበልጣል።

ይህን ሁሉ አውቄም፣ ጽሑፍ ስጽፍ፣ ኤክሴል ስሞላ፣ ብሮውዘር ላይ ታብ ስደረድር አሮጌው አላሳፈረኝም። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) ገብቶለታል፤ ራሙም (ጊዜያዊ ማኅደሩ) 16 ጊጋባይት ነው። «ላፕቶፔ ተንቀራፈፈ፣ ፕሮሰሰሩ ደክሟል» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ ታስክ ማናጀር (የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ክፈት እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ፣ ወይ ራሙ ጢም ብሎ፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ነው የሚገኘው። እንዲህ ላለው ላፕቶፕ አዲስ ፕሮሰሰር መመኘት ከንቱ ነው።

ለዕለት ሥራ አሮጌው የሚሸነፍበት አንድ ግልጽ ቦታ ቪዲዮ ነው። አሁን ብዙ የኢንተርኔት ቪዲዮ የሚመጣው ኤቪ1 በሚባል አጨማመቅ ነው። ኢንቴል ይህን በቺፑ ውስጥ መፍታት የጀመረው በ2020 በ11ኛው ትውልድ ሲሆን፣ ኤኤምዲ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ በራይዘን 6000 ነው። 7700ኤችኪው ኤቪ1 ሲመጣበት ቪዲዮውን በኮሮቹ ጉልበት እየታገለ ይፈታዋል፤ ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪው ይሮጣል። 7840ኤችኤስ ያንኑ ቪዲዮ ሲያጫውት መኖሩም አይሰማም። ቪዲዮ እያዩ የሚያጠኑ ልጆች ላሉበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሙቀቱን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ አሮጌውን እበድለዋለሁ። አንድ ሰሞን በጣም ዘግይቶ ነበር። ሆዱን ፈትተን ስናየው ፋኑ አየር የሚገፋበት የብረት ክንፎች አፍ ላይ አቧራው ተደፍኖ እንደ ምንጣፍ በአንድ ቁራጭ ተላጠ። ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቴርማል ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይህ ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የኛውም ከመነሻ ፍጥነቱ ከ2.8 ጊጋኸርዝ በታች ወርዶ ይሠራ ነበር። አቧራው ተጠርጎ አዲስ ፔስት ሲቀባ ነፍስ ዘራ። ጌም ለማይጫወት ሰው ሌላም ዘዴ አለ፦ ዊንዶውስ የኃይል ሴቲንግ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ወደ 99 ፐርሰንት ማውረድ። ይህ ቱርቦውን (ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚያስሮጠውን) ያጠፋዋል፤ ፍጥነቱ 2.8 ላይ ይቆማል፣ ፋኑም ጸጥ ይላል። ለጽሑፍ ሥራ ልዩነቱ አይታወቅም።

ጌም ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። የአሮጌው ግራፊክስ ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ የአዲሱ አርቲኤክስ 4060 ስለሆነ ግን ኤፍፒኤስ (በሴኮንድ የሚታዩ ፍሬሞች፣ ማለትም ምስሎች፣ ብዛት) ብቻ አይቶ ፕሮሰሰሩን መኮነን ፍርደ ገምድልነት ነው። እኔ ጌሙን አስነስቼ የግራፊክስ ካርዱን አጠቃቀም አያለሁ። 99 ፐርሰንት አካባቢ ከሆነ አቅሙን የጨረሰው ካርዱ ነው፤ የተሻለ ፕሮሰሰር እምብዛም አይጨምርለትም። ካርዱ 60 እና 70 ፐርሰንት ላይ እየዋለ ፍሬሙ አልጨምር ካለ ግን ሥራ የሚያቀብለው ፕሮሰሰር አልደረሰለትም ማለት ነው። ለማረጋገጥ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን ነጥቦች ብዛት) ወደ 1280 በ720 አወርዳለሁ፤ ፍሬሙ ከዘለለ ችግሩ ካርዱ ነበር፣ እዚያው ከገተረ ፕሮሰሰሩ ነው።

አሮጌው ላይ ጂቲኤ 5 ሪዞሉሽኑ ሲወርድለት ይፈታል። ካውንተር ስትራይክ 2 ግን ሴቲንጉን ብታወርዱት ባታወርዱት ብዙም አይላወስም። ወንድሜ ብቻውን ሜዳው ላይ ሲሮጥ ሁሉ ነገር ለስላሳ ነው። ጥግ ዞሮ ተኩስ ውስጥ ሲገባ፣ ተጫዋቹ ሁሉ አንድ ቦታ ሲጠራቀም፣ ታስክ ማናጀር ላይ ስምንቱም የትሬድ ሳጥኖች ጣሪያ ይነካሉ፤ ምስሉ ድርቅ ይላል፣ በጆሮ ማዳመጫው የሚመጣው የጓደኞቹ ድምፅም ይቆራረጣል። «ሞትኩ እኮ ሳላየው!» የሚለው ያኔ ነው። አዲሱ ላይ በዚያው ጥግ ምንም አይሰማውም።

አማካይ ኤፍፒኤስ ይህን ይደብቃል። በሴኮንድ 60 ፍሬም ማለት ለአንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሴኮንድ ማለት ነው። አንድ ፍሬም ብቻ 100 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅ የስድስት ፍሬም ያህል ጊዜ ምስሉ ቆሟል፤ የደቂቃው አማካይ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ንጽጽር ስታነቡ «1 ፐርሰንት ዝቅተኛ» የሚለውን ቁጥር (በጣም የዘገዩትን 1 ፐርሰንት ፍሬሞች የሚለካውን) ፈልጉ፤ የፕሮሰሰር እርጅና የሚታየው እዚያ ላይ ነው። አሮጌው ላይ የሚረዳው ብሮውዘሩን ዘግቶ ፍሬሙን 60 ላይ መገደብ ነው። ቁጥሩ ያንሳል፣ ጨዋታው ግን ይረጋጋል።

አዲስ ስትገዙ በስሙ እንዳትሸወዱ። ራይዘን 5 7520ዩ ከ7840ኤችኤስ ጋር አንድ ቤተሰብ ይመስላል፤ ውስጡ ግን 4 ኮር ያለው ዜን 2 (ዜን ኤኤምዲ ለኮሮቹ ንድፍ የሰጠው ስም ነው) ነው፣ ማለትም የ2019 ንድፍ። በ7000ዎቹ ስም ሦስተኛውን አኃዝ እዩ፤ 2 ከሆነ ዜን 2፣ 4 ከሆነ ዜን 4 ነው። ኢንቴልም ጋር ያው ነው። አይ7-1355ዩ 10 ኮር አለው ሲባል ያጓጓል፤ ትልልቆቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ስምንቱ ትንንሽ። አይ5-13500ኤች አራት ትልልቅና ስምንት ትንንሽ አለው፤ «አይ5» ተብሎ ለጌም ግን ከዚያኛው አይ7 ይሻላል። እኔ አይ5 ነው አይ7 ከማለቴ በፊት የስሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል ነው የማየው። ዩ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ነው፣ ኤች ለጉልበት።

በመሃል ያሉትን፣ የ2018ቱን አይ7-8750ኤች (6 ኮር) ወይም የ2020ውን ራይዘን 7 4800ኤች (8 ኮር) የያዛችሁ ካላችሁ፣ ፋኑን አጽድታችሁ ተጠቀሙበት፤ ካርዱ ደህና ከሆነ ለፕሮሰሰር ብላችሁ አትቀይሩ። ሁለቱንም ዊንዶውስ 11 ይቀበላቸዋል። 7700ኤችኪውን ግን ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11 በሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 2025 አብቅቷል። የኛው አሮጌ ላይ ሊኑክስ ልጭንበት ነው፤ ወንድሜ ግን ጌሞቹ ሁሉ ይሠሩ እንደሆነ ሳላረጋግጥለት እንዳልነካው አስጠንቅቆኛል።

ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለሚገዛ ደግሞ፦ 7840ኤችኤስ ውስጥ ያለው ራዲዮን 780ኤም መለስተኛ ጌሞችን ብቻውን ይችላል፤ የሚሠራው ግን በላፕቶፑ ራም ነው። አንድ ራም ብቻ ተሰክቶበት ከሆነ ጉልበቱ ክፉኛ ይወርዳል፤ ሁለት መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ።