ላመሰግናት የምፈልግ የላቦራቶሪ ባለሙያ አለች

ስሟን አልጽፍም፣ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ውጤት የሚያስረዳው ሰው የቸገረው ግን ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ እጠቁመዋለሁ።

አባቴ ግፊት ስላለበት ኩላሊቱን በየጊዜው ይመረመራል። ክሪያቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ ደም ውስጥ ሲጨምር ኩላሊት መድከሙን ሊጠቁም ይችላል) 1.0 ነበር። ቀጥሎ 1.1 ሆኖ መጣ። በቃ፣ ቤቱ ተረበሸ። አንድ ዘመዳችን ደውሎ "ኩላሊቱ መድከም ጀምሯል" ብሎ ፈረደ። (ስልክ ላይ ሐኪም የማይሆን ዘመድ የለም መቼም።)

እሷ ግን "አይዟችሁ" ብላ ብቻ አልሸኘችንም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና "አባባ፣ ደም የሰጡት ከምሳ በኋላ ነው? ስጋ ነበረው?" አለችው። "ትንሽ" አለ አባቴ። እናቴ ሳቀች። የበሰለ ስጋ ክሪያቲኒንን ለሰዓታት ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ያኔ ሰማን።

ከዚያ እስክሪብቶ አወጣች። የጤነኛ ሰው ክሪያቲኒን እንኳ ከቀን ቀን 5 በመቶ ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። ማሽኑም የራሱ መዋዠቅ አለው፤ 3 በመቶ እንበል አለች። 5ን በ5፣ 3ን በ3 አባዝታ ደመረች፤ 34። ስኩዌር ሩቱ 5.8 ገደማ ነው። ይሄን በ2.77 ስታባዛው 16 አካባቢ መጣ። 2.77 የገባችው ሁለት ውጤት ስለሚነጻጸርና 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን ነው። "ከ16 በመቶ በታች የሆነ ለውጥ እንዲሁ በመዋዠቅ ሊመጣ ይችላል። የአባባ 10 ነው።" ስሌቱ የራሷ ፈጠራ አይደለም። ሃሪስና ያሳካ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ ያለችው ነው። "ከ0.7 ወደ 1.1 ቢወጣ ኖሮ ዝም አልልም ነበር" አለች። ሁለቱም ቁጥሮች ኖርማል ናቸው፣ ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አይወጣም። ጭማሪው ግን 57 በመቶ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የመጣ ከሆነማ ለድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት መስፈርት ይበቃል፤ መስፈርቱ በ48 ሰዓት የ0.3 ጭማሪ ነው። እኛ ደግሞ ኖርማል ካየን ወረቀቱን አጥፈን ኪስ እንከታለን።

"16ቷን ደግሞ ለሁሉም ምርመራ እንዳታደርጓት" አለችን። ሶዲየም እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ትንሽ ለውጡም ይናገራል። ትራይግሊሰራይድ (የደም ቅባት ዓይነት ነው) ግን በአንድ ሰው ላይ ብቻ 20 በመቶ ገደማ ይዋዥቃል። ከ150 ወደ 190 ስለወጣ ብቻ መደንገጥ አያስፈልግም።

ከሐኪሙ ቦታ አልገባችም። ስሌቱንና የስጋውን ነገር ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችን። ሐኪሙ አይቶት እዚያው ላቦራቶሪ፣ ጠዋት፣ ስጋ ሳይበላ እንዲደገም አዘዘ። ላቦራቶሪ ከተቀየረ መለኪያ ዘዴው ሊለያይ ስለሚችል ንጽጽሩ ይበላሻል።

እሷ ጋ የምትሄዱ የድሮ ውጤቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነሱን ነው።