አብሮ መቅዳት ወይስ ለየብቻ?

ደሴ ላይ በአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ በባቲ ወይ በአምባሰል፣ በወሎ ቅኝቶች፣ ዘፈን ለመቅዳት ያሰበ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ዘፋኟንና መሰንቆውን አብሮ መቅዳት፣ ወይም ለየብቻ።

ለየብቻው ይቀላል። አንዱ ቢሳሳት የእሱን ብቻ መድገም ነው። ለሞቅ ያለ የጭፈራ ዘፈን ይበቃል።

አምባሰል ግን ሌላ ነው። ዘፋኟ ስንኙን ጎተት አድርጋ ስትተነፍስ መሰንቆው ይጠብቃታል፤ የዜማዋን ጫፍ ተቀብሎ ይመልስላታል። ለየብቻ ሲቀዳ በጆሮ ማዳመጫ ቀጭ ቀጭ እያለ ምት የሚቆጥር ሜትሮኖም ይህን ይገድለዋል። አብረው ሲቀዱ የመሰንቆው ድምፅ በዘፋኟ ማይክ መግባቱ አይቀርም፤ አንዱ ከሳተም ሁሉም ይደግማል። ይሁን! ማይኮቹን አራርቆ፣ ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅሎ መቅዳት ነው። እኔ ለወሎ ቅኝት ሁሌም አብሮ መቅዳትን እመርጣለሁ።