የምራቅ ዲኤንኤ ምርመራ ለሂስፓኒክ ቤተሰብ፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

ባለቤቴ አሜሪካ ውስጥ ኒው ሜክሲኮ ተወልዳ ያደገች ሂስፓኒክ ናት፤ ማለትም ዘሯ ከስፓኒሽ ተናጋሪ ሕዝቦች የሚመዘዝ። አጎቷ ሲኦፒዲ አለባቸው፤ ያ ሥር የሰደደ፣ የአየር ቧንቧን እያጠበበ ትንፋሽ የሚያሳጥር የሳንባ በሽታ። ቤተሰቡ "በዘር ይሆን እንዴ?" እያለ ሲጨነቅ ከረመ። በመጨረሻ ቤት ድረስ ከሚላኩት የምራቅ ምርመራዎች አንዱን አዘዝንላቸው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ኪቱ፣ ማለትም የምርመራው ዕቃ፣ ቶሎ ደረሰ፣ አፑም አያስቸግርም። ናሙና አሰጣጡ ላይ ግን የሳንባ ሕመምተኛን ያሰበ ሰው ያለ አይመስልም። ምራቅ ከመስጠት በፊት ለ30 ደቂቃ መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስ ክልክል ነው። ከዚያ ምራቁ ቱቦው ላይ እስከተሰመረው ድረስ መሙላት አለበት፤ አረፋ አይቆጠርም። ኢንሄለር፣ ማለትም በአፍ የሚሳብ የሳንባ መድኃኒት፣ የሚጠቀም ሰው ደግሞ አፉ ሊደርቅ ይችላል። አጎታችን ትንሽ ይተፋሉ፣ አረፍ ብለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ እንደገና ይተፋሉ፤ ውሃ እንኳ መጎንጨት አይችሉም። ክዳኑ ቀጭ ብሎ ተዘግቶ ማቆያው ፈሳሽ ምራቁ ላይ ሲወርድ ሁላችንም እፎይ አልን። መመሪያው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ለሚሸጥ ነገር ስፓኒሽ አለመጨመር ያናድዳል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ምርመራው የሚያየው ሰርፒናዋን የሚባለውን ጂን ነው። በዚህ ጂን አማካይነት ጉበት አልፋ ዋን አንቲትሪፕሲን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። ነጭ የደም ሴሎች ጀርም ሲዋጉ የሚለቁት ኤንዛይም ሳንባውን ራሱን እንዳይጎዳው የሚከላከለው ይኸው ፕሮቲን ነው። የዚህን ፕሮቲን ጉድለት በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጹት ላውሬልና ኤሪክሰን የተባሉ ስዊድናውያን ናቸው። ዜድ የሚባለውን የጂን ለውጥ ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ለሳንባ ጉዳት በጣም ተጋላጭ ነው፣ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ኤስ የሚባለው ቀለል ይላል፤ በብዛት የሚገኘውም ስፔንና ፖርቱጋል ነው። ስለዚህ ቅድመ አያቶቹ ከስፔን የመጡ ቤተሰብ ኤስን መፈተሹ ተገቢ ነው። ይህ ኪት ሁለቱንም ስለሚያይ እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። አጎታችን አንድ ኤስ ብቻ ነው የተገኘባቸው፣ ከሌላኛው ወላጅ የወረሱት ጤናማ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአብዛኛው የተለየ አደጋ የለበትም፣ ሪፖርቱም በትክክል አስቀምጦታል።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ነው። ገጹ አናት ላይ ትልቅ አረንጓዴ ምልክት አለ። ልጃቸው ምልክቱን አይቶ "በዘራችን የለም ማለት ነው" አለና ሲጋራውን ይዞ ወጣ! የማጨስ ማስጠንቀቂያው አለ፣ ግን ታች፣ ብዙ ከተወረደ በኋላ በትንሽ ፊደል። ኪቱ የሚያየው ሁለት ለውጦችን ብቻ መሆኑም እዚያው ታች ነው የተጻፈው። ሌሎች ብርቅ ለውጦች ስላሉ "አልተገኘም" ማለት "የለም" ማለት አይደለም። ሐኪም ቢጠየቅ በደም ምርመራ የፕሮቲኑን መጠን ያስለካል፣ ካስፈለገ ጂኑንም ያስመረምራል። የሕክምና መመሪያዎችም ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ሁሉ፣ ዘሩ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ጊዜ ይህን እንዲመረመር ይመክራሉ።

ደግሞስ የሂስፓኒኮች የሳንባ ጉዳይ በአንድ ጂን ያልቃል እንዴ? ሂስፓኒክ የሚባለው ሕዝብ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች፣ የአውሮፓና የአፍሪካ ዘር በተለያየ መጠን የተደባለቀበት ነው። በ2011 የወጣ የኒው ሜክሲኮ ጥናት፣ አጫሽ ሂስፓኒኮች ሂስፓኒክ ካልሆኑ ነጭ አጫሾች ይልቅ በሲኦፒዲ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ፣ የሳንባ አቅማቸውም ቀስ ብሎ የሚቀንስ ሆኖ አግኝቷቸዋል። በሌላ በኩል ፖርቶ ሪኮዎች በአስም ክፉኛ ሲጠቁ ሜክሲኮዎች ላይ አስም በጣም ያነሰ ነው፤ ሁለቱም ግን "ሂስፓኒክ" ተብለው አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳንዲያጎ ከ16,000 በላይ ሂስፓኒኮችን የያዘው ትልቅ ጥናት በ2018 ከሳንባ አቅም ጋር የተያያዙ አዳዲስ የዘረመል ቦታዎችን አሳይቷል። ከዚህ ሁሉ ሪፖርቱ ላይ አንድም መስመር የለም። ገንዘብ ከፍሎ ስለራሱ ሕዝብ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የዘረመል ጥናት ለረጅም ጊዜ ያተኮረው አውሮፓውያን ላይ ስለሆነ ችግሩ የዚህ ድርጅት ብቻ አይደለም፣ ግን ቢያንስ በግልጽ ቢነግሩን ምን ነበረበት?

አጎታችን ለብዙ ዓመት አጭሰዋል፣ ቤታቸውንም በእንጨት ምድጃ ነው የሚያሞቁት። የእንጨት ጭስም ሳንባ ይጎዳል። ይህን ያነሳላቸው ሪፖርቱ ሳይሆን ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም የትንፋሽ አቅም መለኪያውን፣ ያስነፋቻቸው ባለሙያ ናት። ቤታችሁ ሳል የማይለቀው ወይም ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው ካለ መጀመሪያ ይህን አስደርጉት። ኪቱ የሚጠቅመው ቤተሰቡ ውስጥ ዜድ ወይም ኤስ እንዳለ ለሚጠረጥርና ውጤቱን ለሐኪም ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ በ2008 የወጣው ጂና የተባለው ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪዎች በዘረመል ውጤት ሰው እንዳይለዩ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም። የሕይወት ኢንሹራንስ ልትገቡ ካሰባችሁ ኪቱን ከማዘዛችሁ በፊት ተነጋገሩበት።