ሁለተኛ አንጂዮግራፊ ከመክፈላችሁ በፊት ፕሮፎርማውን መስመር በመስመር እዩት

ደረታችሁን እያመማችሁ ኢሲጂ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ በመጨረሻም አንጂዮግራፊ (ቀለም ተረጭቶ የሚነሳ የልብ ደም ስር ፊልም) ተሠርቶላችሁ «ልባችሁ ንጹህ ነው፣ ጨጓራ ወይም ጭንቀት ይሆናል» ለተባላችሁ ሁሉ፣ በተለይም ለእናቶች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ህመሙ አልለቅ ሲል ቤተሰብ ዕቁብ አውጥቶ፣ ተበድሮ፣ ወደ ህንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ የሚያስኬድ «ሙሉ የልብ ምርመራ» የሚባል ፓኬጅ ይገዛል። ፓኬጁ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ እዚሁ የተሠራው ምርመራ ነው። ስለዚህ መልሱም ያው «ንጹህ ነው» ይሆናል።

አንጂዮግራፊ የሚያሳየው ትልልቆቹን የልብ ደም ስሮች ብቻ ነው። ውፍረታቸው ከግማሽ ሚሊሜትር በታች የሆኑት ጥቃቅን ስሮች ፊልሙ ላይ አይታዩም። የልብ ጡንቻ ምን ያህል ደም እንደሚደርሰው የሚወስኑት ግን በዋናነት እነሱ ናቸው። በስኳር፣ በደም ግፊት፣ በሲጋራ ወይም ከማረጥ በኋላ በሚመጣ ለውጥ መስፋት ሲያቅታቸው፣ ወይም በድንገት ሲጨማደዱ፣ ልብ ደም ያጥረዋል። ህመሙ የውሸት አይደለም። የደረት ህመም ኖሯቸው አንጂዮግራፊ ከሚሠራላቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ትልልቅ ስሮቻቸው ላይ የጎላ ጥበት አይገኝባቸውም፤ ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ ሴቶች ይበዛሉ።

አሁን ፕሮፎርማውን፣ ሆስፒታሉ የሰጣችሁን የምርመራና የዋጋ ዝርዝር፣ ያዙት። ኢኮ ልብ በእረፍት ላይ እንዴት እንደሚመታ ያሳያል እንጂ ስለ ጥቃቅን ስሮች አይነግርም። «ካልሲየም ስኮር» (በልብ ደም ስር ግድግዳ ላይ የተጠራቀመውን ካልሲየም በሲቲ ስካን የሚለካው) ዜሮ መሆኑም ይህን ችግር አያስቀርም። የሚያታልለው ደግሞ በጨረር አመንጪ መድኃኒት የሚሠራው የተለመደው የልብ ስካን ነው። አንዱን የልብ ክፍል ከሌላው ጋር አነጻጽሮ ደም ያነሰውን ቦታ ስለሚፈልግ፣ ደሙ በሁሉም ክፍል እኩል ከቀነሰ ውጤቱ ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ያለ ካቴተር (በደም ስር በኩል ወደ ልብ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) መመርመር ከፈለጋችሁ የሚጠቅመው የደም ፍሰቱን በቁጥር የሚለካ ፔት ስካን፣ ወይም መድኃኒት ተሰጥቶ የሚሠራ የልብ ኤምአርአይ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ የስር መጨማደድን በደንብ አይዙም።

አንጂዮግራፊ በድጋሚ የሚሠራ ከሆነ ሦስት ነገር ፕሮፎርማው ላይ ተጽፎ ካላያችሁ አትክፈሉ፦ ኤፍኤፍአር (ትልቁ ስር ላይ ያለው ጥበት ደሙን ምን ያህል እንዳገደ የሚለካ)፣ ሲኤፍአር (የደም ፍሰቱ ስንት እጥፍ መጨመር እንደሚችል) ከነአይኤምአር (ጥቃቅን ስሮቹ ደሙን ምን ያህል እንደሚከለክሉ)፣ እና የአሴቲልኮሊን ምርመራ (ስሩ ይጨማደድ እንደሆነ በመድኃኒት የሚፈተንበት)። ሁሉም በዚያው ካቴተር፣ በዚያው ቀን የሚሠሩ ናቸው። ቀጭን ሽቦ ወደ ልብ ስር ይገባል፤ ስሮቹን የሚያሰፋው አዴኖሲን የተባለ መድኃኒት በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ክብደት 140 ማይክሮግራም ይሰጣል፤ 3 ሚሊሊትር የጨው ውሃ በእረፍት ሦስት ጊዜ፣ በአዴኖሲን ላይ ሦስት ጊዜ ተረጭቶ የሚያልፍበት ፍጥነት ይለካል። ሲኤፍአር ከ2.0 በታች ከሆነ ወይም አይኤምአር 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥቃቅን ስሮቹ ላይ ችግር አለ። ከዚያ አሴቲልኮሊን በትንሽ ተጀምሮ መጠኑ እየጨመረ ይሰጣል። ህመሙ ከኢሲጂ ለውጥ ጋር መጥቶ ትልቁ ስር 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከጠበበ የትልቁ ስር መጨማደድ ነው፤ ትልቁ ስር ሳይጠብ ህመሙና ለውጡ ከመጡ የጥቃቅኖቹ ነው።

እዚህ ላይ ተከፍሎበትም የሚበላሽ ነገር አለ። ካቴተሩ በእጅ በኩል ሲገባ የእጁ ስር እንዳይጨማደድ ናይትሮግሊሰሪን ወይም ቬራፓሚል የመስጠት ልማድ አለ፤ ከአሴቲልኮሊኑ በፊት ከተሰጠ የሚፈለገውን መጨማደድ ይደብቀዋል። ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁት። ቡና፣ ሻይና ኮላም አዴኖሲንን ያከሽፋሉ፤ ከምርመራው በፊት 24 ሰዓት መተው አለባቸው። «አንድ ስኒ ምን ያደርጋል» የሚል ዘመድ አትስሙ። የልብ መድኃኒቶችን የምታቋርጡት ግን ሐኪሙ በቀንና በሰዓት ከነገራችሁ ብቻ ነው።

ፓኬጁን የሚሸጥላችሁ ደላላ «ሁሉም ይሠራል» ይላችኋል። የእሱ ቃል አይበቃም፤ የካት ላቡ (አንጂዮግራፊ የሚሠራበት ክፍል) ካርዲዮሎጂስት፣ ማለትም የልብ ሐኪሙ፣ በጽሑፍ ይመልስ። «እንዲህ ያለ ምርመራ አያስፈልግም» ካላችሁ፣ የአውሮፓ ካርዲዮሎጂ ማህበር የ2024 መመሪያ መድኃኒት እየወሰዱም ህመሙ ላልለቃቸውና ኑሯቸው ለተቃወሰ ሰዎች ይህንኑ ምርመራ እንደሚመክር ንገሩት።

ሌላው ወጥመድ ስቴንት፣ የጠበበ ስርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ነው። 40 በመቶ ጥበት ተገኝቶ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛችሁ «ስቴንት እናስገባ» ከተባለ ኤፍኤፍአሩ ስንት እንደሆነ ይጠየቅ፤ ከ0.80 በላይ ከሆነ ያ ጥበት ደሙን ያን ያህል አላገደም። ጥቃቅን ስር ውስጥ የሚገባ ስቴንት ደግሞ የለም፤ ትንሹ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። «ጥቃቅን ስር የሚከፍት» እየተባለ የሚሸጠውን ድሪፕም አትግዙ።

ምርመራው የሚጠቅመው መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። ስሮቹ መስፋት ካቃታቸው ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት) ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ችግሩ መጨማደድ ከሆነ ግን ያው መድኃኒት ሊያባብሰው ይችላል፤ እንደ ዲልቲያዜም ያሉት ስሩን የሚያላሉ መድኃኒቶች ይሻላሉ። በ2018 በስኮትላንድ በ151 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት በዚህ ምርመራ ውጤት መሠረት መድኃኒት የተመረጠላቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ህመማቸው ከሌሎቹ የበለጠ ቀንሶ ነበር።

ይህ ሁሉ ለቆየና ለተመላለሰ ህመም ነው። ድንገት የመጣ፣ ላብ ያጠመቀ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ህመም ከሆነ ስለ ፓኬጅ ማሰብ ቀርቶ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከሆስፒታሉ ስትወጡ የአንጂዮግራፊውን ሲዲ ተቀበሉ። ሪፖርቱ «ኖርማል» ብቻ ካለ አትፈርሙ፤ ኤፍኤፍአር፣ ሲኤፍአርና አይኤምአር በቁጥር፣ የአሴቲልኮሊኑ መጠንና ያመጣው ነገር፣ ከዚያ በፊት የተሰጠው መድኃኒትም ሁሉ ይጻፍላችሁ። እዚህ የሚከታተላችሁ ሐኪም መድኃኒት የሚመርጠው በዚያ ወረቀት ነው።