«እሱ እንኳ አይሞትም» ተብሎ የተሸጠልኝ ተክል ሥር አልነበረውም

ጥፍሬ ውስጥ የገባው አፈር ገና አልወጣም። ሽታውም እጄ ላይ አለ። ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት ቢሆነኝ ነው፣ ደሜ አሁንም እንደፈላ ነው። ስለዚህ ጽሁፉ ቢዘበራረቅ ይቅር በሉኝ። ነገ እጽፈዋለሁ ብል ነገ ይበርድልኛል፣ ከበረደልኝ ደግሞ አልጽፈውም። ራሴን አውቃለሁ።

የቤት ውስጥ ተክል ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ግድግዳው ነጭ፣ ቅጠሉ ሁሉ ዘይት የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ፣ ሠራተኛው ገና በሩ ላይ «ለጀማሪ ነው?» ብሎ የሚቀበላችሁ ዓይነት። «አዎ» ካላችሁ አለቀላችሁ። ያቺው የተለመደችዋ ዝርዝር ትወርዳለች፤ ስኔክ ፕላንት፣ ዜድ ዜድ፣ ፖቶስ፣ ስፓይደር ፕላንት። ብርሃን አይፈልግም፣ ውሃ አይፈልግም፣ ሰው አይፈልግም። ቀጥሎ ናሳ ይመጣል። ሁልጊዜ ናሳ ይመጣል። «አየር እንደሚያጣራ ናሳ ያረጋገጠው ነው» ይባላል፣ እናንተም ጠፈር ደርሳችሁ የተመለሳችሁ ያህል ደረታችሁን ነፍታችሁ ትገዛላችሁ።

እኔ ደግሞ ለዚህ ወጥመድ የተፈጠርኩ ነኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ተክል ገድያለሁ፤ አንዱን ረስቼው፣ ሌላውን ከመጠን በላይ አስታውሼው። «የማይሞት» የሚለውን ቃል ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የመረጥኩት ስኔክ ፕላንት ነው። ዳር ዳሩ ቢጫ፣ ሰባት ቅጠል፣ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከነነጭ የሴራሚክ ሸክላው። አፈሩ አይታይም፣ ላዩ በነጭ ጠጠር ተሸፍኗል። ጠጠሩን በጣቴ ነካ አደረግኩት። አልተነቃነቀም፣ በኮላ ተለጥፏል። «ይሄ ለምንድን ነው?» አልኩት። «ለጽዳት ነው እህቴ፣ አፈር ቤትሽ እንዳይበተን።» አሰቡልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝነቴን እዩልኝ፤ የምገዛውን ነገር እንዳላይ ሲከድኑብኝ አመሰገንኩ።

የሸክላውን ሥር በእጄ ዳሰስኩት፣ ቀዳዳ የለውም። እሱንም ጠየቅኩ። «ከታች ጠጠር ደልድለንበታል፣ ትርፉ ውሃ እዛ ይወርዳል» ተባልኩ። ውሃውንስ ስንት ላጠጣው? መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰካው ሠራተኛ፣ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ጣቱን አንስቶ፣ «በሁለት ቀን አንድ ብርጭቆ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ እዛው ፊቱ ጻፍኩት። ጎንበስ ብሎ አይቶ «ጎበዝ» አለኝ።

ዋጋውን አልነግራችሁም፣ አፍራለሁ። ደረሰኙ ላይ የ14 ቀን ዋስትና የሚል ማህተም አለ። ይህቺን 14 ቀን ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ወር ሰላም ነበር። እንግዳ ሲመጣ «አየር ያጣራል እኮ» እላለሁ። በሁለት ቀን አንድ ብርጭቆ፣ ሰዓት ጠብቄ። በሁለተኛው ወር አንዱ ቅጠል ወደ ጎን ጋደል አለ። ብርሃን ፍለጋ ነው ብዬ ሸክላውን አዞርኩት። ሌላው ደገመ። ከዛ እነዚያ ደቃቅ ጥቁር ዝንቦች መጡ። ከዛ ሽታው። ሽታው ከየት እንደሆነ ለማወቅ ፍሪጅ ስፈትሽ፣ ቆሻሻ ስደፋ፣ የልጆቹን ጫማ ሳሸት ሁለት ቀን ፈጀሁ። ተክሉን አልጠረጠርኩትም፤ እሱማ አየር አጣሪ ነው!

ደወልኩላቸው። «ቪታሚን አንሶት ነው» አሉኝ። ሄጄ ቪታሚን ገዛሁ። አዎ፣ ገዛሁ። አረንጓዴ ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ። መጨረሻ ከገዛሁት ነገር ሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት የጋደለውን ቅጠል ላቃናው ያዝኩት። አልጎተትኩትም፣ ያዝኩት ብቻ። ሸርተት ብሎ ሙሉውን እጄ ላይ ቀረ። ታቹን አየሁት። ሥር የለም። የተሰበረ ሥር አይደለም፣ የበሰበሰ ሥርም አይደለም፣ ከመጀመሪያው የለም። ከታች ወደ አንድ ጣት ያህል ቡናማ ሆኖ ላልቷል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ግን አሁንም በቢላ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠበት ምልክት ይታያል። ሁለተኛውን ያዝኩ፣ ወጣ። ሦስተኛውን፣ ወጣ። ጠጠሩን በጠፍጣፋ ካቻቪት ፈነቀልኩት፤ እንደ ክዳን ባንድ ላይ ተነሳ። ከሥሩ ስስ አፈር፣ ከአፈሩ ሥር አበባ ሻጮች የተቆረጠ አበባ የሚሰኩበት ያ አረንጓዴ ስፖንጅ። ስጨምቀው የሁለት ወር ውሃዬ ወጣ። ሰባት የተቆረጠ ቅጠል ስፖንጅ ላይ ተሰክቶ ነው የተሸጠልኝ። እቅፍ አበባ ነው የገዛሁት፤ ያውም ያለ አበባ።

ሁሉንም በፌስታል አድርጌ ሄድኩ።

መነጽራሙ ሰውዬ አለ። ሦስት ገዢዎች ቆመዋል። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት፣ ሽታው ራሱ ተናገረልኝ። አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቱ አንስቶ ከፊቱ ራቅ አድርጎ ያዘውና፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «በስንት ቀን ነው ያጠጣሽው?» አለኝ።

እኔ ደግሞ ጥያቄ መሰለኝ። ጥያቄ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። «በሁለት ቀን አንድ ብርጭቆ፣ እንዳልከኝ» አልኩ።

ወደ ሦስቱ ገዢዎች ዞረ። ወደ እኔ አይደለም። «ስኔክ ፕላንት በሁለት ቀን ውሃ የሚያጠጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አላቸው። ሳቁ። አንዷ እንኳን አፏን በእጇ ከድና ነው የሳቀችው። ስልኬን አውጥቼ ማስታወሻውን አሳየሁት፣ ቀኑ ሳይቀር አለበት። ዓይኑን እንኳ አላሳረፈበትም። «እህቴ፣ ይሄ አንቺ የጻፍሽው ነው። እኔ ፈርሜበታለሁ?»

«ጎበዝ» ያለኝ ሰው ነው እንግዲህ።

ሥሩስ የት አለ አልኩት። «በስብሶ አልቆ ነዋ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽው!» ስፖንጁን ሳሳየው «የእርጥበት መጠበቂያ ነው» አለ። ዋስትናውን ስጠይቅ ማህተሙን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፤ 14 ቀን። ደግሞም ሕይወት ያለው ነገር አይመለስም አለኝ። ከኋላው አንድ ልጅ መሬት ተቀምጦ ሌላ ሸክላ ላይ ነጭ ጠጠር በኮላ ይለጥፋል። ቀና ብሎ አየኝ። እሱ ብቻ አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ መለጠፉን ቀጠለ።

«ሕይወት ያለው» ለሚለው መልሱ የመጣልኝ መንገድ ላይ ነው፤ ሥር የሌለው የተቆረጠ ቅጠል ምኑ ነው ሕይወት ያለው? እንደ ሁልጊዜው።

ለምን ስኔክ ፕላንትን እንደመረጡ አሁን ገብቶኛል። እኛ ለጥንካሬው እንገዛዋለን፣ እነሱም የሚያታልሉን በዚያው በጥንካሬው ነው። ወፍራሙ ቅጠል ውሃ በውስጡ ያከማቻል። ተቆርጦ እንኳ ሳምንታትን፣ አንዳንዴ ወራትን አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ዜድ ዜድም ያው ነው። ለስላሳ ቅጠል ያለው ተክል ሥር ከሌለው በሁለት ሦስት ቀን ጠውልጎ ያጋልጣቸው ነበር። ይሄኛው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው፣ ዋስትናው ካለፈ በኋላ። 14 ቀን ያሰበበት ሰው ሞኝ አይደለም።

የብርጭቆው ምክርም ቢሆን ጥቅሙ ለነሱ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ በውሃ ከተሞላ ሥሩ ይታፈናል፣ ከዛ ይበሰብሳል። ደህና ሥር ያለው ስኔክ ፕላንት እንኳ ቀዳዳ በሌለው ሸክላ በሁለት ቀን አንድ ብርጭቆ ቢጠጣ መጨረሻው ይኸው ነው። ከታች ጠጠር መደልደሉም አያድንም፤ አፈር ውሃን ይዞ ያቆያል እንጂ ጥግብ እስኪል ድረስ ወደ ጠጠሩ አይለቀውም። እንዲያውም ጠጠሩ ረግረጉን ከፍ አድርጎ ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል። እና ተክሉ ሲሞት ጥፋተኛው ማነው? ያጠጣው ነዋ። «በስንት ቀን ነው ያጠጣሽው?» ሲባል ምንም መልሱ ተሸናፊ ናችሁ። ቶሎ ቶሎ ካላችሁ አሰጠማችሁት፣ አልፎ አልፎ ካላችሁ አደረቃችሁት።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ቤቴ ገብቼ ሳነብ ነው ያቃጠለኝ። አንዳንድ ቅጠል ታድሎ ከስፖንጁ ውስጥ ሥር ቢያወጣ እንኳ፣ ዳሩ ቢጫ ከሆነ የስኔክ ፕላንት ቅጠል የሚበቅለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ቢጫውን አይወርስም፤ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ቢጫው እንዲቀጥል ተክሉ ራሱ ከአፈር በታች ካለው ግንዱ ጋር ተከፋፍሎ መተከል አለበት። ለቢጫው ብዬ ነው እኮ ጨምሬ የከፈልኩት!

ናሳንም ልጨርሰው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ጥናት በእርግጥ አለ። የተሠራው ግን በታሸገ አነስተኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ መስኮትና በር ባለው ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀደሙትን ሙከራዎች አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች ያገኙት፣ የቤት ተራ የአየር ዝውውር የሚሠራውን ያህል ለማጣራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል እንደሚያስፈልግ ነው። የኔ ሳሎን ስንት ካሬ እንደሆነ አስቤ ሳቅ ያዘኝ፣ በንዴት መሃል። መስኮት መክፈት ነጻ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ዛሬ እዛው ቆሜ ሳለሁ ድመት አለኝ ላለች ሴት «ምንም አይልም» ብለው ፖቶስ ሸጡላት። ፖቶስ ድመት ካኘከችው አፏንና ጉሮሮዋን ያቃጥላታል። ልነግራት ስል ቀድማ ወጣች። ከሳቁት አንዷ ነበረች፤ ግን ድመቷ ምን አደረገች?

ልትገዙ ከሄዳችሁ፣ ቅጠሉን ከታች ያዝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ሥር ካለው አፈሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጠጠር የተለጠፈበትን አትግዙ። ከሸክላው አውጥቶ ሥሩን ያሳያችሁ፤ የጤነኛ ስኔክ ፕላንት ከአፈር በታች ያለው ግንድ ወፍራምና ብርቱካናማ ነው፣ አይታችሁ አትሳሳቱትም። ቀዳዳ የሌለው ሸክላ ካማራችሁ ለብቻው ግዙት። ውሃ በቀን አትቁጠሩ፤ አፈሩ እስከ ውስጥ ሲደርቅ ብቻ። ምክራቸውን ደግሞ ስልካችሁ ላይ አትጻፉ፣ እነሱ ይጻፉት፣ ደረሰኙ ጀርባ ላይ፣ ከነፊርማው።

ከሰባቱ ቅጠል ሁለቱ ጠንካራ ናቸው። የላላውን ቆርጬ ጥዬ ቁስሉ እንዲደርቅ ጋዜጣ ላይ አጋድሜያቸዋለሁ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ በደረቅ አፈር እሰካቸዋለሁ። ቢጫ ልጅ አልጠብቅም። ነጩን ሸክላ አጥቤ በሩ ሥር አቁሜዋለሁ፤ የዣንጥላ ማስቀመጫ ሆኗል። ከዝናብ የገባ ዣንጥላ ቢንጠባጠብም ወለሉ ላይ ጠብ አይልም፣ ቀዳዳ የለውማ።